ጡረታ በአርቪ፦ ኒው ሜክሲኮን ሳትቸኩሉ ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ ጡረተኞች አርቪ፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ውስጡ ያለው መኪና፣ ሊከራዩ ሲነሱ ካርታ ይዘረጉና አምስት ስድስት ስቴት በአንድ ጉዞ ያሰምራሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው። ማታ ደክሞ መተኛት፣ ጠዋት ቱቦ ነቅሎ እንደገና መንዳት። ለዚህማ ትንሽ መኪናና ሆቴል ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አርቪ ገንዘቡን የሚያወጣው ሲቆም ነው። ከጥላው ሥር ወንበር ዘርግታችሁ ቡና ስትጠጡ ነው ያ ሁሉ ኪራይ ትርጉም የሚኖረው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ አንድ ስቴት ብቻ ነው። መነሻዬ ዳላስ ነው፤ ብዙ ወገን እዚያ ይኖራል፣ ኒው ሜክሲኮም ጎረቤት ነው። ከዴንቨር የምትነሱ መንገዱን ገልብጡትና ከሰሜን ጀምሩ። ኒው ሜክሲኮን የመረጥኩት ለእኛ ሰው ባዕድ ስለማይሆን ጭምር ነው። ደጋ አየር አለው፣ ቤቱ የጭቃ ነው፣ ያለ ቃሪያ ማዕድ አይቀርብም።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ የሚወዳደረው የለም። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ተራራው ላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ ይለብሳል፣ ቃሪያው ይደርሳል። መስቀልን ቤታችሁ አክብራችሁ በማግስቱ መነሳት ትችላላችሁ።

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይጥላል። ደረቅ የነበረ ጅረት በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ስለሚችል መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ካያችሁ አትሻገሩ። ጸደይ፣ ከማርች እስከ ሜይ ያለው፣ ደግሞ ነፋስ ነው። ከፍ ያለ አርቪ በጎን ነፋስ ሲመታ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይደርሳል። አቧራ መንገዱን ከሸፈነው ከአስፋልቱ ጨርሳችሁ ውጡ፣ መብራት ሁሉ አጥፉ፣ እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሱ። መብራት ካበራችሁ ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱ በእናንተ በኩል የሚቀጥል መስሎት ሊገባባችሁ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በኦክቶበር መጀመሪያ አልበከርኪ ላይ ዘጠኝ ቀን የሚቆይ የባሉን ፌስቲቫል አለ። በ1972 በ13 ባሉኖች የተጀመረው ዛሬ መቶዎቹን ባንድ ጠዋት ሰማይ ላይ ያወጣል። ማየት ከፈለጋችሁ ቦታ ወራት ቀድማችሁ ያዙ። ካልፈለጋችሁ ያን ሳምንት ከአልበከርኪ ራቁ። ዋጋው እጥፍ ድርብ ሲሆን ባዶ ቦታም አይገኝም።

2. ግዙ ሳይሆን ተከራዩ

ጡረታ እንደወጡ የ401ኬ የጡረታ ቁጠባቸውን አውጥተው አርቪ የሚገዙ አሉ። ሁለት ክረምት ግቢ ውስጥ ይቆምና ጎማው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ተከራዩ። ኑሮው ከተስማማችሁ ለመግዛት ጊዜ አለ።

ለሁለት ሰው የሚበቃው ክላስ ሲ የሚባለው ነው። ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ርዝመቱ ከ22 እስከ 25 ጫማ የሆነው። ክላስ ኤ እንደ አውቶቡስ ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ክላስ ቢ ቫን ነው፤ መንዳቱ ቀላል ሲሆን ሽንት ቤቱ ግን ቁም ሳጥን ያክላል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አልመክረውም። በነገራችን ላይ ከላይ ያለውን አልጋ ለሻንጣ ተዉት። በስልሳ ምናምን ዓመት ሌሊት መሰላል መውረድ ቀልድ አይደለም። ከኋላ መሬት ላይ አልጋ ያለውን ጠይቁ። ለክላስ ሲ የተለመደው የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል።

ዋጋ ስትጠይቁ የቀኑን ኪራይ ብቻ ሰምታችሁ አትዝጉ። እነዚህን በየተራ ጠይቁ፦ በማይል ስንት ይከፈላል? ጀነሬተር በሰዓት ስንት ነው? አንሶላና ድስት ለብቻ ይከፈላል? ታንክ ሳይደፋ ከተመለሰ ቅጣቱ ስንት ነው? ኢንሹራንሱ የመኪናውን ጣሪያ ይሸፍናል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሱ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ቅርንጫፍና ዝቅ ያለ ታዛ ጣሪያውን ሲመታ ነው፣ ብዙ ውልም እሱን አይሸፍንም። የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስና የክሬዲት ካርዱ ሽፋን አርቪን ብዙ ጊዜ አይጨምሩም፤ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለቤንዚን ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዙር ወደ 1,800 ማይል ገደማ ነው። ክላስ ሲ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል። ስለዚህ የሰሞኑን የጋሎን ዋጋ በ200 አባዙት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በብዙ ማደያ ሬጉላር የሚባለው ቤንዚን 86 ኦክቴን ነው። የመኪናው መመሪያ 87 የሚል ከሆነ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቅዱ።

መኪናውን ስትረከቡ ቸኩላችሁ አትፈርሙ። ውጪውን፣ ጣሪያውንና ውስጡን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። 3221 የሚል ከሆነ በ2021 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየርልን በሉ። ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ የውሃ ፓምፑና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው እየሠሩ መሆናቸውን እዚያው ፈትኑ። የመኪናውን ቁመት ደግሞ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ቁመትን በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት አይሠራም።

3. ወረቀትና ጤና

ዕድሜያችሁ 62 የሞላ ከሆነ ሲኒየር ፓስ የሚባለውን የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ አውጡ። ለአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ይሰጣል። የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው። መግቢያ በመኪና በሚታሰብበት ፓርክ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ በአንዱ ፓስ ይገባል። በሰው በሚታሰብበት ደግሞ ባለቤቱና ሦስት አዋቂዎች። ስለዚህ ለባልና ሚስት አንድ ይበቃል፤ ባለ ፓሱ ግን መታወቂያ ይዞ አብሮ መኖር አለበት። በብዙ የፌዴራል ካምፕግራውንዶች የማደሪያውን ዋጋ በግማሽ ያወርደዋል። ፓርኩ በር ላይ በአካል ስትገዙት በኢንተርኔት የሚጨመረው ክፍያ ይቀራል።

ግሪን ካርዳችሁን ቤት ትታችሁ አትሂዱ። ደቡብ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ፤ ከሀገር ሳትወጡ በመሀል መንገድ ማለት ነው። ከዋይት ሳንድስ ወደ ላስ ክሩሴስ በሚወስደው ሃይዌይ 70 ላይና ከላስ ክሩሴስ ወደ ሰሜን በሚሄደው አይ-25 ላይ ሁሉም መኪና ይቆማል። ዜግነታችሁን ይጠይቃሉ፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ያሳልፋሉ። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ካርዱን ሁልጊዜ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። ዜጋን ፓስፖርት ያዝ የሚል ሕግ የለም፤ እኛ ግን ፓስፖርት ካርዱን ቦርሳ ውስጥ እናደርጋለን። ከክርክር ያድናል።

የሜዲኬር ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ይጣራ። ዋናው ሜዲኬር በየትኛውም ስቴት ይሠራል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከአካባቢያችሁ ውጪ የሚሸፍነው ድንገተኛውን ነው። የቴክሳስ ሜዲኬይድም ለመደበኛ ሕክምና ድንበር አይሻገርም። መድኃኒታችሁን ከጉዞው ቀን አስበልጣችሁ ያዙ። ስሙንና መጠኑን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱን ፍሪጁ ላይ አድርጉ።

ከፍታውን አትናቁ። ዳላስ ከባሕር ጠለል በላይ 430 ጫማ ገደማ ነው፤ ሳንታ ፌ 7,000 አልፏል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ይሄማ የኛ ከፍታ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ እንዲያውም አዲስ አበባ ትበልጣለች። ግን ሠላሳ ዓመት ቆላ የኖረ ሳንባ እንጦጦን ረስቷል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። በደቡብ በኩል እንድትገቡ የምመክረውም ለዚህ ነው፤ ካርልስባድ 3,100፣ ዋይት ሳንድስ 4,200፣ አልበከርኪ 5,300 እያለ የምታድሩበት ከፍታ ቀስ በቀስ ይጨምራል።

4. መንገዱንና ማደሪያውን ያዙ

ዙሩ እንዲህ ነው፦ ከዳላስ ካርልስባድ፣ ከዚያ አላሞጎርዶና ዋይት ሳንድስ፣ ላስ ክሩሴስ፣ ኤለፈንት ቢዩት፣ አልበከርኪ፣ ሳንታ ፌ፣ ታኦስ። ስትመለሱ በሳንታ ሮዛ፣ በቱከምካሪና በአማሪሎ። በሦስት ሳምንት ደህና ነው፣ በወር ደግሞ የተሻለ።

አርቪ የለመዱ ሰዎች የሦስት ሕግ አላቸው። በቀን ከ300 ማይል በላይ አትንዳ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት፣ በፊት ድረስ፣ አንድ ቦታ ቢያንስ ሦስት ቀን እደር። ማታ ጨለማ ውስጥ አርቪ ወደ ኋላ ማስገባት ትዳር ይፈታል። ከዳላስ ካርልስባድ ደግሞ 480 ማይል ስለሚጠጋ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። ኒው ሜክሲኮ ስትገቡ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የጉብኝት ሰዓት ስትይዙ አስታውሱት።

ለማደሪያ መጀመሪያ የስቴት ፓርኮችን እዩ። ከካርልስባድ በስተሰሜን ብራንትሊ ሌክ፣ ከአላሞጎርዶ በስተደቡብ ተራራ ሥር ኦሊቨር ሊ፣ ከዚያ ኤለፈንት ቢዩት። ሦስቱም ሰፊና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ መብራትና ውሃ ያለበትን ቦታ መርጣችሁ ያዙ። በአልበከርኪና በሳንታ ፌ መካከል ኮቺቲ ሌክ አለ። የፌዴራል ስለሆነ ሲኒየር ፓሳችሁ እዚያ ይሠራል። የፌዴራሎቹ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ይያዛሉ። ኤሌክትሪክ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ቢኤልኤም በሚባለው የመንግሥት መሬት ላይ በብዙ ቦታ እስከ 14 ቀን በነጻ ማደር ይቻላል። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አይመከርም።

5. ጓዳውን ጫኑ

እንጀራ ከዳላስ ይዛችሁ ውጡ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉና ፍሪዘር ውስጥ በጠፍጣፋው ደርድሩት። የአርቪ ፍሪዘር ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ወጡን ሠርቶ ከማምጣት ቁሌቱን ማምጣት ይሻላል። በጥቂት ዕቃ ቁሌት አለ ማለት ምስርም ሽሮም አለ ማለት ነው። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም፤ ሳንታ ፌ ላይ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው የሚፈላው። ባቄላና ሽምብራ ከዳላስ ይልቅ ይዘገያል። ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ ያዙ።

ምጣድ ይዘን እንሂድ የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን ኤሌክትሪኩን እወቁ። ብዙ ክላስ ሲ ባለ 30 አምፕ ነው፤ ያ ማለት ጠቅላላ 3,600 ዋት ነው። ኤሲው ብቻውን ከ1,300 እስከ 1,500 ይወስዳል። ማይክሮዌቩ ከ1,000 በላይ፣ ምጣዱም እንዲሁ። ሦስቱን ባንድ ላይ ስታበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣድ ሲጣድ ኤሲ ይጥፋ። ቢቻል ምጣዱን ውጪ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ እንፋሎቱ ያን ትንሽ ቤት እርጥበት ያስገባዋል።

ቡናን በተመለከተ ቀልድ የሌለበት ነገር ልናገር። ከሰል አርቪ ውስጥ በፍጹም አይያያዝም፤ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን አይቻልም። በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ታሪክ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አርቪ ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የጠበበ ነው። ጀነሬተርም አስነስታችሁ አትተኙ። ቡናውን ውጪ በፕሮፔን ምድጃ ቁሉት። ውስጥ ከቆላችሁ የጭስ ጠቋሚው ሰፈሩን ያነቃል፣ ዕጣኑም መጋረጃው ላይ ይቀርና ኪራዩ ሲመለስ የጽዳት ክፍያ ያስጨምራል። ውጪም ቢሆን የእሳት ክልከላ የሚታወጅበት ጊዜ ስላለ በየካምፑ መግቢያ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ። ክልከላ ሲኖር ከሰል ውጪም አይፈቀድም።

ከዚህ ሌላ፦ የውሃ ግፊት መቀነሻ፣ ለመጠጥ የተፈቀደ ነጭ ቱቦ፣ ከኤሌክትሪክ መዋዠቅ የሚከላከል መሰኪያ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ታጣፊ ወንበር። ጋቢም ያዙ፣ ዋሻው ውስጥ ትፈልጉታላችሁ።

6. አነዳድ

ከሰፈር ከመውጣታችሁ በፊት ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ተለማመዱ፤ ሁለታችሁም። መሪ የሚይዘው አንዱ ብቻ ከሆነና እሱ ቢታመም ሌላው መሀል በረሃ ምን ያደርጋል? ባለቤቴ መሪውን ለሰው መስጠት አይወድም፣ ግን ተስማምተናል፤ እሱ ጠዋት፣ እኔ ከምሳ በኋላ።

ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሰፋ አድርጉ። የኋላው ጎማ እንደ ትንሽ መኪና አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ጅራቱ ደግሞ በተቃራኒው ይወጣል፣ ስለዚህ ከማደያ ፓምፕ አጠገብ ስትነሱ ወዲያው አትጠምዝዙ። ወደ ኋላ ስትሄዱ አንዱ ይውረድና ይምራ፤ አዲስ አበባ እንዳለው የፓርኪንግ ልጅ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ። ልዩነቱ ድምጽ አይሰማም፣ ስለዚህ በስልክ ተደዋወሉ ወይም በእጅ ምልክት ተስማሙ። ሹፌሩ የሚመራውን ሰው በመስታወት ካላየው ያቁም።

አንድ ከባድ ቁልቁለት አለ። ከካርልስባድ በአርቴዥያ በኩል በሃይዌይ 82 ክላውድክሮፍት ትወጣላችሁ፤ ጥድ ያለበት፣ 8,600 ጫማ ላይ የተቀመጠ ደስ የሚል ከተማ ነው። ከዚያ አላሞጎርዶ ድረስ በ16 ማይል ውስጥ ከ4,000 ጫማ በላይ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ማርሹን ዝቅ አድርጉ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ ከዚያ አይዝም። ጠንከር አድርጎ መያዝና መልቀቅ ነው። ከኋላ ሰው ከተሰበሰበ ሰፊ ቦታ ላይ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ካልደፈራችሁ በኤል ፓሶ ዙሩ፤ ይረዝማል፣ ጓዳሉፔ ተራራ አጠገብም ቁልቁለት አለ፣ ግን አጠር ይላል።

7. ካምፕ ስትደርሱ፣ በቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

መጀመሪያ ወርዳችሁ ቦታውን ዙሩ። ወደ ላይም ተመልከቱ፤ ቅርንጫፍ ከላይ ነው የሚመታው። ከዚያ አስገቡና ውሃ ልኩን አስተካክሉ። ዘመም ባለ መኪና ውስጥ የሚሠራው የጋዝ ፍሪጅ ሊበላሽ ይችላል፣ እናንተም አትተኙም። ታኮ ከጎማው ፊትና ኋላ አስገቡ።

ከዚያ ኤሌክትሪክ። የካምፑን ብሬከር አጥፉ፣ መከላከያውን ሰኩ፣ መኪናውን ሰኩ፣ ብሬከሩን አብሩ። ቀጥሎ ውሃ። ግፊት መቀነሻው ቧንቧው ላይ ይግባ፣ ከዚያ ነጩ ቱቦ። ኦክቶበር ላይ ሳንታ ፌና ታኦስ ሌሊት ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ያን ማታ ቱቦውን ንቀሉና ከታንኩ ውሃ ተጠቀሙ።

አሁን ማንም ማውራት የማይፈልገው ክፍል። መኪናው ሦስት ታንክ አለው፦ ንጹህ ውሃ፣ እጣቢ፣ ሽንት ቤት። ብዙ ጀማሪ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍቶ ይተወዋል፣ በራሱ ይሂድ ብሎ። ፈሳሹ ይሄድና ጠጣሩ እንደ ክምር ተቆልሎ ይደርቃል። ስለዚህ ቫልቩ ሁልጊዜ ይዘጋ። ታንኩ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ጓንት አድርጋችሁ ድፉ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ቀጥሎ እጣቢው፣ እሱ ቱቦውን ያጥበዋል። ካፈሰሳችሁ በኋላ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጥቂት ጋሎን ውሃና የታንኩን ኬሚካል ጨምሩ። ወረቀቱ ለአርቪ የተሠራ ይሁን፤ የሕጻናት ማጽጃ ጨርቅ በፍጹም አይገባም። የድፊያ ሥራ የማን ነው የሚለውን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

8. ምን ታያላችሁ

*ካርልስባድ ዋሻ።* የመግቢያ ሰዓት ቀድማችሁ ማስያዝ ግድ ነው፤ በር ላይ ሄጃለሁ ብላችሁ አትግቡ። ሁለት መውረጃ አለ። በእግር የሚወርደው ጠመዝማዛና ቁልቁል ነው፤ 750 ጫማ። ጉልበታችሁን የምታከብሩ በሊፍት ውረዱ፤ ሊፍቱ መሥራቱን ግን በዚያው ቀን ጠይቁ። ታች ቢግ ሩም የሚባለው አለ። ዙሪያው 1.25 ማይል ነው፣ አብዛኛው ደልዳላ። ዓመቱን ሙሉ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ጋቢው እዚህ ነው። ሌላ ዋሻ የገባችሁበትን ጫማና ልብስ አታድርጉ፤ የሌሊት ወፎችን የሚገድል ፈንገስ እንዳይሄድ ነው።

እስከ ኦክቶበር ድረስ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ የሌሊት ወፎቹ ከዋሻው አፍ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። መቀመጫው ድንጋይ ነው፣ ትራስ ያዙ። ስልክና ካሜራ ማብራት ክልክል ነው፣ ለሌሊት ወፎቹ ደህንነት። እንዲህ ዓይነት ክልከላ ለእኛ ዘመን በረከት ይመስለኛል። በፓርኩ ውስጥ አርቪ አያድርም፤ ከትዕይንቱ በኋላ በጨለማ ጠመዝማዛውን ሰባት ማይል መውረድ አለባችሁ፣ ቀስ በሉ።

*ዋይት ሳንድስ።* 275 ስኩዌር ማይል ነጭ አሸዋ። አሸዋ ይባላል እንጂ ጄሶ ነው፤ ቤት የምንለስንበት ያው ጄሶ። ከዙሪያው ተራሮች ውሃ አጥቦ ያመጣዋል፣ ኩሬው ሲደርቅ ይረጋል፣ ነፋስ ይፈጨዋል። እንደሌላው አሸዋ ስለማይግል በባዶ እግር ይሄዱበታል። መኪና መንገዱ ስምንት ማይል ገብቶ ይመለሳል፣ ክላስ ሲ በደንብ ይሄድበታል። ለአርቪ የተሠራ ሰፊ ማቆሚያም አለ። ከእንግዳ መቀበያው በኋላ ውሃ የለም፤ በርሜል ያዙ ባልልም በሰው አንድ ጋሎን ያዙ። ከጉብታው ጀርባ ሁሉም ስለሚመሳሰል መኪናችሁ ከዓይናችሁ አይጥፋ። ፓርኩን የከበበው የሚሳኤል መሞከሪያ ነው፤ ሙከራ ሲኖር ፓርኩም መንገዱም ለሰዓታት ይዘጋል። ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ። ሰዓቱ ከመዝጊያው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይመረጣል፤ ጥላው ሲረዝም ነው ቦታው የሚያምረው።

*ሀች።* በአይ-25 ስትወጡ መንገዳችሁ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቃሪያዋ አሜሪካን ያዳረሰ ነው። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር በየሱቁ ደጃፍ ቃሪያውን በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል በእሳት ይጠብሱታል። ሽታው ከመንገድ ያቆማችኋል። አንድ ከረጢት አስጠብሱ፣ ቀዝቀዝ ሲል ላጡት፣ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ምግብ ቤት ስትገቡ «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ይሏችኋል። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ «ክሪስማስ» በሉ፣ ይገባቸዋል። ለጾመኛና ለሙስሊም ግን ይህን እላለሁ፦ ባቄላውም ቶርቲያውም ብዙ ቦታ በአሳማ ስብ ይሠራል፣ ቃሪያው ወጥ ውስጥም ሥጋ ሊኖር ይችላል። «ላርድ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አይቀየሟችሁም።

ኤለፈንት ቢዩት ሐይቅ ላይ ዝም ብላችሁ እረፉ። ጎኑ ያለችው ትሩዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ የምትባለዋ ከተማ ፍልውሃ አላት። የሰዓት ክፍል ተከራይቶ መዘፍዘፍ ነው። ሶደሬን የናፈቀ ይግባ።

*አልበከርኪና ሳንታ ፌ።* ሳንታ ፌ በ1610 የተቆረቆረች ናት፤ መንገዶቿም የተሠሩት ለአህያ እንጂ ለአርቪ አይደለም። መሀል ከተማ ይዛችሁ አትግቡ። መኪናውን ካምፕ ተዉትና ሬል ራነር የሚባለውን ባቡር ተሳፈሩ፤ ከአልበከርኪ ሳንታ ፌ ያደርሳል። ከጣቢያው እስከ አደባባዩ በእግር የሚሄድ ነው። አደባባዩ ዳር በአሮጌው የገዢዎች ቤተ መንግሥት በረንዳ ሥር የአገሬው ተወላጆች የብር ጌጥና ሸክላ ራሳቸው ሠርተው ይሸጣሉ። የቆዩት ቤቶች ጭድ ከጭቃ ተረግጦ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳውን ነክታችሁ ማለፋችሁ አይቀርም።

አልበከርኪ ላይ ሳንዲያ ተራራ የሚወጣው የገመድ መኪና አለ፤ 2.7 ማይል ይሄድና ከ10,000 ጫማ በላይ ያወጣል። ያ ከፍታ ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም። የቀራችሁት ካፖርት ይዛችሁ ውጡ።

*ቺማዮ።* ከሳንታ ፌ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ለእኔ ከኒው ሜክሲኮ ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች። በ1816 የተጠናቀቀች ትንሽ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከመቅደሱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ወለሉ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ውስጡ አፈር። ምእመናን ጥቂት ዘግነው ይወስዳሉ፣ የሚያማቸውን ይቀቡበታል። ከዳኑ ክራንቻቸውን እዚያ ትተው ይሄዳሉ፣ ግድግዳውን ሞልቶታል። ካቶሊኮች ናቸው፣ ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው፤ እምነት ተቀብቶ ያደገ ሰው ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በስቅለት ሰሞን ሰው በእግሩ እየተጓዘ መንገዱን ስለሚሞላው በአርቪ አትሂዱ።

*ታኦስ ፑዌብሎ።* ከሺህ ዓመት በላይ ሰው ሳይለቀው የኖረበት ባለ ፎቅ የጭቃ መንደር ነው። ዩኔስኮ በ1992 መዝግቦታል። በአሮጌው ቅጥር ውስጥ መብራትም ቧንቧም የለም። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፣ ሙዚየም አይደለም፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ የተዘጋ በር አትግፉ። ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ደውሉ። ሴፕቴምበር 30 የቅዱስ ጄሮም በዓላቸው ነው፤ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ካሜራ ግን ክልክል ነው። ከሳንታ ፌ ስትሄዱ በወንዙ ዳር ያለውን ሃይዌይ 68 ያዙ። ሃይ ሮድ የሚባለው በተራራው በኩል ነው፣ ያምራል፣ ለአርቪ ግን ይጠባል።

ቻኮ የሚባለውን የጥንት ፍርስራሽ እንይ የሚል ይኖራል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በኪራይ አርቪ አትሞክሩት።

9. መመለስ

በአይ-40 ስትመለሱ ሳንታ ሮዛ ላይ ብሉ ሆል የሚባል 81 ጫማ ጥልቀት ያለው ሰማያዊ የምንጭ ጉድጓድ አለ፤ ለምሳ ማቆሚያ ይበቃል። ቱከምካሪ ላይ ብታድሩ ማታ የአሮጌው ሩት 66 ሞቴሎች መብራት ይበራል።

ዳላስ ሳትደርሱ የመጨረሻው ካምፕ ላይ ታንኮቹን ድፉ፤ ከተማ ውስጥ የድፊያ ቦታ ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው። ፕሮፔኑን ሙሉ፣ ስትሞሉ ግን ምድጃውም ፍሪጁም ይጥፋ፤ ቤንዚን ስትቀዱም እንዲሁ። የማይልና የጀነሬተር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ውስጡንና ውጪውን ስትረከቡ እንዳደረጋችሁት በቪዲዮ ቅረጹ፣ ተረካቢው ሳይፈርም አትሂዱ። ተቀማጭ ገንዘባችሁ እስኪመለስ ቪዲዮውን አታጥፉት። ፍሪዘሩንም ክፈቱና እዩ፤ ብዙ የሀች ቃሪያ ከኪራይ መኪና ጋር ተመልሶ ይቀራል።